ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ

የመኪና መሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጨብጥ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ የሁለት ልጆች አባትም ነበርኩ። እስከዚያ ድረስ እጄ የሚያውቀው ዕርፍና መቆፈሪያ ነው። ጋቢና ውስጥ ወጥቼ ስቀመጥ መጀመሪያ ያስፈራኝ ሞተሩ ሳይሆን ከፍታው ነበር። መሬቱ ርቆ ታየኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ሾፌር፣ «ምን ትጠብቃለህ? ፍሪሲዮኑን ርገጥ» አሉኝ። የትኛው ፔዳል እንደሆነ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያሳዩኝ ቆይተዋል። በዚያች ሰዓት ግን ጠፋኝና ፍሬኑን ረገጥኩ።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ወድጄ አይደለም። አባቴ ዕድሜያቸውን በጭሰኝነት ያረሱት መሬት፣ እሳቸው በሞቱ በዓመቱ ከእጃችን ወጣ። ባለርስቱ ለሌላ ሰው ሰጠው። አቤት ለማለት ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ብዙ ጊዜ ተመላለስኩ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ውሎ መመለስ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ሚስቴን ከነልጆቿ አንጋጫ አጠገብ ወዳለው የአባቷ ቤት ሸኘኋትና እኔ ብቻዬን ሆሳዕና ገባሁ። «ሥራ ሳገኝ እወስዳችኋለሁ» ብያት ነበር። መቼ ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆሳዕና ውስጥ ያገኘሁት ሥራ የጫኝነት ነው። ገበያው አጠገብ መጋዘን የነበረው አንድ ነጋዴ አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና ነበረው። መኪናው ከሆሳዕና ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ይዞ ወደ ከምባታ ከተሞች ይወርዳል፤ ሲመለስ ቡና፣ ዝንጅብልና ስንዴ ይዞ ይመጣል። እኔ ከሌሎች ሰዎች ጋር ጆንያ እሸከማለሁ። የመኪናው ሾፌር ከሰሜን የመጡ፣ ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸው ነበር፤ እዚህም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

አንድ ቀን በጭነቱ ላይ የመጣውን ወረቀት ለሌላው ጫኝ ሳነብለት ጋሼ ሰሙኝ።

«ማንበብ ትችላለህ እንዴ?» አሉኝ።

«ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ ጋሼ።»

«ዓይንህስ? ሩቅ ታያለህ?»

እንግዳ ጥያቄ ሆነብኝ። በደንብ አያለሁ አልኳቸው። «ታዲያ ለምን መንዳት አትማርም? ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በዚህ አገር ጆንያ አይሸከምም» አሉኝ።

ያን ቀን ማታ ለሚስቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። ማንበብ አትችልም፤ ወንድሟ እንዲያነብላት ነው። «ሾፌር ልሆን ነው» ብዬ ጻፍኩ። ልማር ነው ማለት ሲገባኝ ልሆን ነው አልኩ።

ትምህርቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ከጸሎት ቤት፣ ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሱ በኋላ፣ ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ነበር። የዚያ መኪና ማርሽ እንደ ዛሬው መኪና እሺ ብሎ አይገባም። ፍሪሲዮኑ ሁለት ጊዜ መረገጥ አለበት፤ አንዴ ማርሹን ለማውጣት፣ አንዴ ለማስገባት። በሁለቱ መሃል ደግሞ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ ልክ በሆነው ሰዓት ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። ጋሼ ሲያደርጉት እጃቸው የሚንቀሳቀስ አይመስልም። እኔ ሳደርገው ካምቢዮው እየተንጫጫ ከተማው ድረስ ይሰማል። ሜዳው ላይ ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ተሰብስበው ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ብረት ሆኖ ነው እንጂ አጥንት ቢሆን ይህን ጊዜ ዱቄት ሆኗል» ይሉኛል ጋሼ። ሳይስቁ ነው።

ከሁሉ የባሰው ዳገት ነበር። መኪናውን ዳገት ላይ አቁሞ፣ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ማስነሳት። ጋሼ ራሳቸው ጎማ የሚያግድ ታኮ ይዘው ይወርዱና ከኋላ ጎማው ጎን ይቆማሉ። «ይኸው እኔ እዚህ ነኝ። ከተንሸራተትክ እኔን ነው የምታገኘው» ይላሉ። ይህን የሚሉት እንድጠነቀቅ ነው፤ እኔ ግን እሳቸውን የምጨፈልቅ እየመሰለኝ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቄ ሞተሩን አጠፋዋለሁ። ሞተሩ ሲጠፋ መኪናው ይንሸራተታል። ጋሼ ታኮውን ይጥላሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ በሩ መጥተው፣ «እንደገና» ይላሉ። እንዲህ ሆነን ስንት እሑድ እንዳሳለፍን አላስታውስም።

ከአራት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ ወደ አዲሎ ጭነት ይዘን ስንሄድ ነው ነገሩን ያወቅኩት። ጋሼ ይነዳሉ፣ እኔ ጎናቸው ነኝ። መንገዱ ላይ ከፊታችን አንዲት ሴት ትልቅ የሣር ሸክም ተሸክማ በመሃል ትሄዳለች። ጋሼ ፍጥነታቸውን አልቀነሱም። ክላክስም አልነፉም። ይቀንሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ሰው አለ» አልኩ። ፍሬን ያዙ። መኪናው ሲቆም ከሴትየዋ ሸክም አንድ ክንድ ያህል ነበር የቀረን። ዘወር ብላ አየችንና ወደ ዳር ወጣች።

ጋሼ ሞተሩን አጠፉት። «ቁጥቋጦ መስሎኝ ነው» አሉ። «የግራው ዓይኔ ከሞተ ቆይቷል። ቀኙን አሁን ጭጋግ እየሸፈነው ነው። ጠዋት ጠዋት ይሻለኛል፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን ሰውና ዛፍ አልለይም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን እንደማስተምርህ አሁን ገባህ? አንተ ፈቃዱን ካወጣህ መሪው ያንተ ይሆናል። እኔ እዚያ አንተ በተቀመጥክበት እቀመጣለሁ። መንገዱን፣ ነጋዴውን፣ ሞተሩን እኔ አውቃለሁ፤ ዓይኑ ያንተ ነው። ባለ መኪናውም በዚህ እሺ ይላል። ሾፌር ሳይኖረው ዕውር ነኝ ብዬ ብነግረው ግን በማግስቱ ሜዳ ላይ ነኝ። ልጅ የለኝ፣ ቤት የለኝ።»

«እስከዚያስ ጋሼ?»

«እስከዚያ አንተ እየነገርከኝ እነዳለሁ።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ግን ያን ጊዜ ያሰብኩት ሚስቴንና ልጆቼን ነው። እሳቸው ከመኪናው ከወረዱ እኔን የሚያስተምር ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጉዞው መንገዱን እያየሁ መናገር ሥራዬ ሆነ። «ጋሼ፣ በግራ ከብት አለ። ጋሼ፣ ድልድዩ ደርሷል፣ ቀኝ ይያዙ። ጋሼ፣ ሰው እጁን እያነሳ ነው።» ለእሳቸው ሳይ ሳይ መንገዱን በቃሌ ያዝኩት። መንዳቱን ግን መያዝ አቃተኝ።

ፈተናው እኛ አውራጃ ውስጥ አይሰጥም ነበር። አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ጊዜ ጋሼ ኮታቸውን አዋሱኝ፤ ትከሻው ሰፋኝ። መጀመሪያ የቃል ጥያቄ አለ። ሁለት ፈታኞች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ በላያቸው የጃንሆይ ፎቶ ተሰቅሏል። አንደኛው፣ «ጠባብ መንገድ ላይ አንዱ መኪና ዳገት ይወጣል፣ ሌላው ቁልቁለት ይወርዳል። ቅድሚያ ለማን ነው?» አለኝ።

መልሱን ከነእንቅልፌ አውቀዋለሁ። በየሳምንቱ የምናደርገው ነገር ነው። በሀዲይኛ ቢጠይቀኝ እግሬ ራሱ ይመልስለት ነበር። አማርኛው ግን አፌ ላይ ተገላበጠብኝ፤ «ለሚወርደው» አልኩ።

«ስለዚህ የሚወጣውን ወደ ገደል ትሰደዋለህ ማለት ነው» አለ።

«አይደለም ጌታዬ፤ ለሚወጣው ልል…»

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከሆሳዕና።»

«እዚያ መኪና ገብቷል?» ብሎ ወደ ጓደኛው ዞረ። ጓደኛው ሳቀ። በክፋት የሳቀ አልመሰለኝም፤ ግን ከዚያ በኋላ የጠየቁኝን አንዱንም አልሰማሁም። ውጭ ቆሞ የነበረውን መኪና ሳልነካ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ጊዜ የቃሉን አለፍኩ። መልሶቹን ጮክ ብዬ፣ ጆንያ ስሸከም እንኳ ሳይቀር፣ ስደግማቸው ነበር የከረምኩት። ዳገቱ ላይ ወደቅኩ። የእነሱ መኪና ፍሪሲዮን ከእኛው ይልቅ ቀሎ ቶሎ ይይዛል፤ እኔ የለመድኩትን ያህል ስጠብቅ ሞተሩ ጠፋና መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ አንድ በርሜል ገለበጠ። ከጎኔ የነበረው ፈታኝ አልተቆጣም። «ውረድ» ብቻ አለኝ። ወርጄ በርሜሉን ለማንሳት ጎንበስ ስል፣ «ተወው» አለኝ። ያ «ተወው» ያለኝ ነገር እስከ ሆሳዕና ድረስ አብሮኝ መጣ።

ከዚያ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን ሚስቴ ከአንጋጫ መጣች። ትንሿን ልጅ አዝላ፣ ትልቁን ቤት ትታ ነበር። መጋዘኑ ግድግዳ ጥግ ተቀመጥን። እሷ ከምባታ ናት፣ እኔ ሀዲያ ነኝ፤ ሁለታችን ስንሆን ሁለቱንም ቋንቋ እየቀላቀልን እንናገራለን። ቅቤ የተቀባ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ አምጥታልኝ ነበር፤ እየበላሁ አየችኝ።

«ከስተሃል» አለችኝ።

«ሥራው ነው።»

«አባቴ አንድ ነገር እንድነግርህ ልከውኛል። ‹ከወንዙ ወዲህ ያለውን መሬት ይምጣና ይረስ› ብለዋል።»

ሰው በሚስቱ አባት መሬት ላይ ሄዶ ሲያርስ እኛ ዘንድ የአማት ጥገኛ እንደሚባል እሷም ታውቃለች። ስለዚህ ቶሎ ብላ፣ «እኔ ና ማለቴ አይደለም። የላኩኝን ነው የነገርኩህ» አለች።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር። በሚቀጥለው አልፋለሁ።»

«ልጁ አባቴን አባባ እያለ ነው የሚጠራቸው» አለች። ከዚያ ወደ ገበያው እያየች፣ «ተው ብለውም አልሰማ አለኝ» አለች።

ትንሿ ልጅ አላወቀችኝም። ላቅፋት እጄን ስዘረጋ የእናቷን አንገት ጥምጥም አድርጋ ያዘች። ሚስቴ ልትሰጠኝ ታገለች፤ ተያት አልኳት። በዚያው ተለያየን።

ሦስተኛውን ጊዜ ከሄድኩባቸው ሁሉ በተሻለ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ቃሉን አለፍኩ። ዳገቱን አለፍኩ። መኪናው ሳይንሸራተት ሲነሳ ፈታኙ፣ «ጥሩ» አለ። የቀረኝ በተተከሉ እንጨቶች መሃል ወደ ኋላ ማስገባት ነው። ይህን ሜዳው ላይ ቆጥሬ የማልጨርሰውን ያህል ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ቀስ እያልኩ ገባሁ። መጨረሻው ላይ የጭነት ሳጥኑ ስፖንዳ ጫፍ አንዱን እንጨት ነካው። እንጨቱ ዘንበል አለና ተመልሶ ቆመ። አልወደቀም። ፈታኙ ያላየ መሰለኝ። መኪናውን አቆምኩና እጄን መሪው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

«ነክተሃል» አለኝ። «ሌላ ጊዜ።»

በአውቶቡስ ስመለስ ለጋሼ ምን እንደምላቸው ሳስብ ነበር። ፈተናው ተላለፈ ልበላቸው? ፈታኙ ታመመ ልበላቸው? ደርሼ ሳያቸው መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ነበር። ፊቴን ማየት ስለማይችሉ እስክናገር ጠበቁ። «ወደቅኩ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገ ሙዱላ ነን» አሉኝ።

በማግስቱ ወርደን ሙዱላ አደርን፤ በነጋታው ረፋድ ላይ ቡናና ዝንጅብል ጭነን ወደ ሀደሮ ተነሳን። ፀሐይዋ በርትታለች። ጋሼ ይነዳሉ፤ እኔ አያለሁ። አያለሁ ልበል እንጂ አላይም ነበር። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፤ የሚታየኝ ግን ያ ዘንበል ብሎ ተመልሶ የቆመ እንጨት ነው። አንድ ጣት ቀኝ ብይዝ ኖሮ። መሪውን ትንሽ ቀደም ብዬ ብመልስ ኖሮ። ይህን ደጋግሜ ሳብሰለስል ኩርባው ደረሰ።

«ከፊት ምን አለ?» አሉኝ ጋሼ።

«ምንም የለም» አልኩ።

አራት ሰዎች በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ከኩርባው ማዶ ይመጡ ነበር። ሳያቸው ጮህኩ፤ ጋሼ ፍሬኑን ረገጡ፤ ሰዎቹ ግን መኪናውን እላያቸው ላይ ሲያዩ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ዘለሉ። ቃሬዛው ወደቀ። መኪናው ቃሬዛውን አልነካውም። ሳይደርስበት ቆመ። ሰውዬው ግን ከቃሬዛው ላይ ተንከባለው መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ነበሩ።

ወርጄ ሮጥኩ። ጋቢ የተከናነቡ፣ ፂማቸው የነጣ፣ ትኩሳት ያደከማቸው አዛውንት ናቸው። ቀኝ እጃቸው ከክንዳቸው በታች ተጣሟል። አልጮሁም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ልጃቸው ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። በያዘው ዱላ የመኪናውን በር አንድ ጊዜ መታው፤ ከዚያ ዱላውን ጥሎ አባቱ አጠገብ ተንበረከከ።

ሰዎቹ በሽተኛውን ሙዱላ ሊያሳክሙ ነበር የሚወስዱት። እጅ ከተሰበረ በኋላ ግን ሆሳዕና መድረስ አለበት አሉ። ጋቢና ውስጥ አስገባናቸው። ጋሼ መሪው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ሞተሩን ማስነሳት አቃታቸው። ወርደው በእኔ በኩል ዞሩ።

«አንተ ንዳ» አሉኝ።

«ፈቃድ የለኝም ጋሼ።»

«እኔስ ዓይን አለኝ?»

ነዳሁ። አዛውንቱ መሃል ላይ ሆነው ራሳቸውን ጋሼ ጭን ላይ አሳረፉ፤ ልጃቸውና ሌሎቹ ከላይ ጭነቱ ላይ ወጡ። ከሀደሮ ወደ ዱራሜ፣ ከዱራሜ ወደ አንጋጫ፣ ከዚያ ሆሳዕና። ጉድጓዱን ሁሉ አውቀዋለሁ። ቀስ ብዬ ማርሽ እቀይራለሁ፤ አንድም ጊዜ አልተንጫጫም። ዳገቱ ላይ ከብት መንገድ ዘግቶ ብቆም፣ ምንም ሳልንሸራተት ተነሳሁ። ይህን ሳደርግ ደስ አላለኝም። ፈተናው ላይ የት ነበርክ እያልኩ እጄን እጠላው ነበር።

አንድ ቦታ ላይ አዛውንቱ ዓይናቸውን ገለጡና በከምባትኛ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአባቴንና የአያቴን ስም ነገርኳቸው። አሰብ አደረጉና፣ «አላውቃቸውም» አሉ። ውሃ ጠየቁ፤ ጋሼ አጠጧቸው። አንጋጫ ስንደርስ ወደ ሚስቴ አባት ቤት የሚያስገባው መንገድ በግራዬ አለፈ። ባሕር ዛፎቹ ታዩኝ። አላቆምኩም።

ሆሳዕና የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። አዛውንቱን ሐኪም ቤት አስገባን። ልጃቸው ወደ ፖሊስ ሄደ፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እሄድ ነበር። ፖሊሱ መጥቶ መንጃ ፈቃዴን ጠየቀኝ። ጋሼ ቀድመውኝ፣ «እኔ ነኝ ያስነዳሁት። ሰዎቹ ሲወድቁም እኔ ነበርኩ የምነዳው። ዓይኔ አያይም» አሉ። ፖሊሱ የሚቀልዱ መስሎት ጣቱን አነሳና ስንት ነው አላቸው። ጋሼ ወደ ድምፁ ዞሩ እንጂ ጣቱን አላዩትም።

ሁለታችንንም አሰሩን። ጋሼን ሽማግሌ ስለሆኑ ቶሎ ለቀቋቸው፤ መንጃ ፈቃዳቸውን ግን ወሰዱት። እኔ ያለ ፈቃድ በመንዳቴ ሦስት ሳምንት ያህል ታሰርኩ፤ ለአንድ ዓመትም ፈተና እንዳልቀርብ ተከለከልኩ። በሁለተኛው ሳምንት አዛውንቱ ማረፋቸውን ሰማሁ። ከሕመማቸው ይሁን ከአወዳደቃቸው የነገረኝ ሰው የለም። ሐኪሙም ያወቀ አይመስለኝም።

ልጃቸው ከቀብሩ በኋላ እስር ቤቱ ድረስ መጣ። ፀጉሩን ተላጭቷል። በአጥሩ በኩል ቆመን ተነጋገርን።

«ያን ጊዜ ሽማግሌው ናቸው የሚነዱት» አለኝ። «አንተ ምን ትሠራ ነበር?»

«መንገዱን አይላቸው ነበር።»

«እኛን አየኸን?»

«አላየሁም።»

«ለምን?»

ፈተና ስለወደቅሁ ልለው አልቻልኩም። አፌ ውስጥ ሳለ እንኳ ትንሽ ሆነብኝ፤ ለሰው አባት ሞት የሚሰጥ ምክንያት አይደለም። እሱ ከአጥሩ ዞር ብሎ ሄደ። ዘመዶቹ በሽማግሌ በኩል ታረቁን፤ የሚስቴ አባትም መጥተው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። ልጁ በዕርቁ ላይ እጄን ጨበጠኝ። ዓይኔን ግን አላየኝም።

ስፈታ ጋሼ ወደ አገራቸው ሊሄዱ ተዘጋጅተው አገኘኋቸው። እኅታቸው ዘንድ ነው የሚሄዱት። ያላቸው ዕቃ በአንድ ሻንጣ ያለቀ ነበር። አውቶቡሱ እስኪነሳ አብሬያቸው ቆምኩ። ለማንም ያልተናገርኩትን ያን ጊዜ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ምን አለ ሲሉኝ ሳላይ ነው ምንም የለም ያልኩዎት።»

«አውቄያለሁ» አሉኝ። «ቶሎ ነበር የመለስከው። ስታይ እኮ ትቆያለህ። አንተ አንድ ቀን አላየህም። እኔ ሁለት ዓመት ሳላይ ነዳሁ» አሉኝ። ከዚያ ረዳቱ ሻንጣቸውን ሲቀበላቸው፣ «ከሀደሮ እስከ ሆሳዕና ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ካምቢዮው አልተንጫጫም» አሉ። ስመውኝ ተሳፈሩ። ወንበራቸውን በእጃቸው እየዳበሱ ሲፈልጉ በመስኮት አየኋቸው። ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም፤ የት እንደሞቱም አላውቅም።

ዓመቱ ሲያልቅ አዲስ አበባ ሄጄ ለአራተኛ ጊዜ ተፈተንኩ። በዚያ ዓመት ውስጥ ጆንያ ስሸከም ነው የኖርኩት፤ መሪ አልጨበጥኩም። ሆኖም አለፍኩ። ፈታኙ አዲስ ሰው ነበር፤ ስሜንም በደንብ ሳያየኝ ነው የጻፈው። ፈቃዱን ሲሰጠኝ ደስታ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ፎቶዬን አየሁት። ጋሼ ያዋሱኝን ኮት ለብሼ የተነሳሁት ነው።

ሆሳዕና ተመልሼ ወደ ባለ መኪናው ሄድኩ። ሌላ ሾፌር ቀጥሯል። ፈቃዴን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «መልካም ነው» አለኝ። «ግን በዚያ መንገድ አንተን እንዴት እሰድሃለሁ? የሟች ዘመዶች እዚያው ናቸው። ዕርቅ ዕርቅ ነው፤ ሰው ግን ሲያይህ ያስታውሳል።» ልክ ነበር። አዲሎም ሄጄ ሁለት ባለ መኪኖች ጠየቅኩ። አንደኛው ያን ነገር ሰምቷል። ሁለተኛው አልሰማም ነበር፤ እኔ ነኝ የነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት እስከ ዛሬ ለራሴም በደንብ አይገባኝም። ብደብቀው ኖሮ ይቀጥረኝ ነበር ይመስለኛል።

ከአዲሎ በእግሬ ወደ አንጋጫ ተመለስኩ። መንገድ ላይ አንድ ሾፌር ልጫንህ ብሎ ቆመልኝ፤ እምቢ አልኩት። ሚስቴ ጓሮ ሆና ድንች ትቆፍር ነበር። ልጁ ከጎኗ ቆሞ ቅርጫት ይዟል። ስታየኝ መቆፈሪያውን መሬት ላይ ተክላ ቆመች።

«አለፍክ?»

«አለፍኩ።»

«ሥራስ?»

«የለም።»

ቀና ብላ አላየችኝም። ልጁን፣ «ለአባትህ ውሃ አምጣ» አለችው። ልጁ አያቱን ፍለጋ ወደ ቤት ዞረ። እጁን ይዛ ወደ እኔ መለሰችው።

በማግስቱ ከወንዙ ወዲህ ያለውን መሬት ማረስ ጀመርኩ። የሚስቴ አባት በሬዎቹን ራሳቸው ጠምደው ሰጡኝ፤ ስለ መኪና አንድም ቃል አላነሱም። መሬቱ ደግ ነበር። ጤፍና ስንዴ ያበቅላል። እኔ ግን ዕርፍ ይዤ፣ ያን ኩርባ እያየሁ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ስመላለስ ውዬ፣ ማታ ቤት ስገባ የቀኑን ሥራ አንዱንም የማላስታውስበት ብዙ ጊዜ ነበር።